ቅባቱ ነው ያዳነኝ ወይስ ጊዜው? የቆዳ ሕክምና እንዴት እንደሚፈተሽ

ችፌ ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ማሳከኩ እንቅልፍ ሲነሳው፣ ቆዳው ሲሰነጣጠቅና ሲያዥ ነው። ቀለል ባለው ሳምንት የሚሄድ የለም። ችፌ ደግሞ በባሕርዩ አንዴ የሚነሳ፣ አንዴ የሚበርድ በሽታ ስለሆነ፣ በጣም በባሰበት ሰሞን ምንም ነገር ቢቀቡት ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሻል የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። ምስጋናውን ግን የሚወስደው በዚያ ሰሞን እጅ ላይ የተገኘው ቅባት ነው። ጎረቤት «እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው» ብላ የምትሰጠው ቱቦ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «በፊትና በኋላ» ተብሎ የሚለጠፈው ፎቶ፣ አንዳንዴም ሐኪሙ ራሱ ከልምዱ የሚናገረው ሁሉ በዚህ ሊሳሳት ይችላል። የቆዳ በሽታ ምርምር አብዛኛው ድካሙ ይህን አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው፦ መድኃኒቱ ባይሰጥስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ቁንጭርን እንውሰድ። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በአብዛኛው የሚያመጣው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ሌይሽማኒያ ኤትዮፒካ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ቁስሉ ብዙ ሰው ላይ ያለ መድኃኒትም ይድናል፤ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ጠባሳም ትቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ላይ ወደ አፍንጫና ከንፈር ይዘልቃል፣ ጥቂቶች ላይ ደግሞ በሰፊው የሰውነት ክፍል ይበተናል። በመካከለኛው ምሥራቅ በብዛት የሚታየው ሌይሽማኒያ ሜጀር የሚያወጣው ቁስል በአንጻሩ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይደርቃል። እንግዲህ አንድ ቅባት ተሰጥቷቸው በስድስት ወር ውስጥ ከ100 ሕመምተኞች 70ዎቹ ዳኑ ቢባል፣ መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ይህ ቁጥር ምንም ላይናገር ይችላል፤ ኢትዮጵያ ላይ ግን ትልቅ ዜና ሊሆን ይችላል። ማነጻጸሪያ የሌለው ቁጥር በራሱ መልስ አይሰጥም። የቁንጭር ተመራማሪዎችም በዚህ ምክንያት የጊዜ ስምምነት አላቸው፦ «ዳነ» የሚባለው ሕክምናው ከተጀመረ በ90ኛው ቀን ገደማ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ቆዳ ሲሸፈን ነው፤ ከዚያም እስከ 180ኛው ቀን አገርሽቶ እንደሆነ ይታያል።

የማነጻጸሪያ ቡድን ጥቅም ጎልቶ የታየበት አንዱ ሥራ በፊጂ ደሴቶች በእከክ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ነው። በሦስት የደሴት ማኅበረሰቦች ውስጥ 2,051 ሰዎች ተካተቱ። በአንደኛው ማኅበረሰብ ለሁሉም ሰው፣ ታመመም አልታመመም፣ የአይቨርሜክቲን ክኒን ተሰጠ። በሁለተኛው ሁሉም ፐርሜትሪን ቅባት ተቀቡ። በሦስተኛው እንደተለመደው እከክ የተገኘበት ሰውና አብረውት የሚኖሩት ብቻ ታከሙ። ከ12 ወር በኋላ የእከክ ስርጭቱ በክኒኑ ማኅበረሰብ ከ32.1 በመቶ ወደ 1.9 በመቶ፣ በቅባቱ ከ41.7 ወደ 15.8 በመቶ ወረደ። በተለመደው አሠራር የቀጠለው ማኅበረሰብም ከ36.6 ወደ 18.8 በመቶ ወርዷል፤ በግማሽ ያህል ማለት ነው! ሦስተኛው ቡድን ባይኖር ኖሮ የፐርሜትሪኑ ውጤት እጅግ አስደናቂ መስሎ ይወራ ነበር።

እዚህ ጥናት ላይ ማን የትኛውን ሕክምና ያግኝ የሚለው የተወሰነው በዕጣ ነው፤ ዕጣው የወጣው ግን በሰው ሳይሆን በማኅበረሰብ ነው። እከክ ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚተላለፍ ባልን አክሞ ሚስትን መተው፣ ወይም አንዱን ቤት አክሞ የጎረቤቱን ልጆች መተው ትርጉም የለውም፤ የዳነው በሳምንቱ ተመልሶ ይያዛል። ማኅበረሰብን እንደ አንድ መቁጠር ግን ዋጋ ያስከፍላል። 2,051 ሰው ይበዛል፤ ሦስት ማኅበረሰብ ግን ሦስት ነው፤ በመካከላቸው ያለው የኑሮ ልዩነት ከመድኃኒቱ ልዩነት ጋር ሊደባለቅ ይችላል።

ዕጣውና ዕጣውን የሚያበላሸው

ሰውን በሰው ማነጻጸር በሚቻልበት በሽታ ምደባው በዕጣ ይሆናል፤ ዛሬ ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒዩተር ነው። ዓላማው ለሁሉም እኩል ዕድል መስጠት ብቻ አይደለም። የምናውቃቸውም የማናውቃቸውም ልዩነቶች፣ ማለትም ዕድሜ፣ የበሽታው ክብደት፣ ድህነት፣ የውኃ እጥረት፣ ለራስ መጠንቀቅ፣ በሁለቱም ቡድን በተቀራራቢ መጠን እንዲበተኑ ነው። ቦታው ራሱ ለውጥ ያመጣል ተብሎ ከተሰጋ ዕጣው በየቀበሌው ለብቻ ይወጣል፤ አለበለዚያ ውኃ ያለበት ቀበሌ በአንድ ወገን ተከማችቶ ይገኛል።

ዕጣ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን በርኅራኄ ነው። ነርሷ ቀጣዩ ምደባ «መድኃኒት» መሆኑን አስቀድማ ካወቀች፣ እያለቀሰች ለመጣችው እናት ልትሰጣት ትፈልጋለች፤ ቀለል ያለበትን ደግሞ ነገ ና ትለዋለች። በዚህ መንገድ የባሰባቸው ሁሉ በአንድ ወገን ይከማቻሉ። ስለዚህ ምደባው ሰውየው ፈቃዱን ሰጥቶ ስሙ እስኪመዘገብ ድረስ ለማንም መታወቅ የለበትም። ፖስታ ከተጠቀሙ ብርሃን ላይ ሲያዙት የማያሳይ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ዝርዝር ቀልድ ይመስላል፤ ጥናቶች የሚወድቁት ግን እዚህ ላይ ነው።

ቆዳ ሌላው አካል የማይፈቅደውን አንድ ዘዴ ይፈቅዳል። በአንድ ሰው ቀኝ ክንድ ላይ አንዱን ቅባት፣ ግራው ላይ ሌላውን መቀባት ይቻላል። ሰውየው የራሱ ማነጻጸሪያ ስለሚሆን ጥቂት ሰው ይበቃል። ጉዳቱ ደግሞ፣ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳን ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) በሰፊ ቦታ ከተቀባ ወደ ደም ገብቶ ሌላውንም ወገን ያሻሽላል። እጅ ሳይታጠብ ከአንዱ ወደ ሌላው መነካካትም አለ። በተጨማሪም ቀኙ ሲሻለው ያየ ሰው ግራውን እያየ አያስችለውም፤ ያንኑ የተሻለውን ቅባት እዚያም ይቀባል።

«ባዶው» ቅባት ባዶ አይደለም

በክኒን ጥናት ማስመሰያው፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ምትኩ፣ ስኳር ወይም ስታርች ሊሆን ይችላል፤ ሥራ የለውም። በቅባት ጥናት ግን ማስመሰያው መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ራሱ ክሬሙ ነው፤ እሱም ቆዳን ያለሰልሳል፣ እርጥበት ይይዛል። ችፌ ላለበት ሰው ይህ ብቻውን ግማሽ ሕክምና ነው። ክሪሳቦሮል የተባለው ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት ዕድሜያቸው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ፣ ቀላልና መካከለኛ ችፌ ባለባቸው 1,522 ሰዎች ላይ በሁለት ተመሳሳይ ጥናቶች ተፈትኖ ነበር፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በቀን ሁለቴ ለ28 ቀናት ተቀብተው፣ በ29ኛው ቀን ቆዳቸው የጠራ ወይም ሊጠራ የቀረበና ቢያንስ ሁለት ደረጃ የተሻሻሉት በአንደኛው ጥናት 32.8 በመቶ፣ በሁለተኛው 31.4 በመቶ ነበሩ። መድኃኒት የሌለበትን ክሬም የተቀቡትስ? 25.4 እና 18.0 በመቶ።

ማስታወቂያ «ከሦስት አንዱ ተሻለው» ቢል አይዋሽም። የመድኃኒቱ ድርሻ ግን ልዩነቱ ነው፦ በአንደኛው ጥናት 7.4፣ በሁለተኛው 13.4 ነጥብ። በሌላ አነጋገር በክሬሙ ብቻ የማይሻለው አንድ ተጨማሪ ሰው እንዲሻለው በአንደኛው ስሌት 14፣ በሁለተኛው 8 ያህል ሰው መቀባት አለበት። ይህን ስሌት ማንም በስልኩ ሊሠራው ይችላል፦ 100ን ለልዩነቱ ማካፈል ነው። የቅባቱ ዋጋና የኪሱ አቅም ሲታይ፣ በዚህ ቁጥር የሚደሰት አለ፣ «እኔስ ቫዝሊኔን እቀጥላለሁ» የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ስውርነትም በቆዳ ላይ አስቸጋሪ ነው። ሕመምተኛውም ሐኪሙም የትኛው ቡድን እንደሆነ የማያውቁበት ጥናት የሚመረጠው፣ ተስፋ ያየውን ስለሚያጋንን ነው። በክኒን ይቻላል፤ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ውስጥ በሥጋ ደዌ ምክንያት የሚነሳውን አንደኛ ዓይነት ሪአክሽን (የቆዳና የነርቭ ብግነት) ለማከም ሳይክሎስፖሪን የተባለውን መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ከተባለው ስቴሮይድ ጋር ያነጻጸረው፣ በ73 ሕመምተኞች የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በሁለቱም ወገን ስውር ነበር። ቅባት ግን ያቃጥላል፣ ይሸታል፣ ልብስ ያቆሽሻል፤ ሕመምተኛው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይገምታል። እግርን በሳሙና ማጠብን ደግሞ በምን ትደብቀዋለህ? በዚህ ጊዜ የሚቀረው መፍትሔ ውጤቱን የሚለካው ሰው ምደባውን እንዳያውቅ ማድረግ ነው። ሕመምተኛውም «የትኛው እንደደረሰህ እንዳትነግረኝ» ይባላል። አንዳንዱ ግን ገና በር ላይ ሆኖ ይናገራል።

ቁስልን በቁጥር መለካት

ደም ግፊት በመሣሪያ ይለካል፤ ችፌ በዓይን ነው የሚለካው። በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ኢዚ ይባላል፤ ከ0 እስከ 72 ይደርሳል። ሰውነት በአራት ይከፈላል፦ ራስና አንገት፣ ደረትና ጀርባ፣ ክንዶች፣ እግሮች። በየክፍሉ መቅላት፣ ማበጥ፣ የማከክ ጭረትና የቆዳ መወፈር እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ በበሽታው ስፋት ነጥብ (ከ0 እስከ 6) ይባዛል፤ ከዚያም በክፍሉ ድርሻ። ለአዋቂ የራስ ድርሻ 0.1፣ የክንድ 0.2፣ የደረትና ጀርባ 0.3፣ የእግር 0.4 ነው።

አንድ ሕመምተኛ እግሮቹና ክንዶቹ ላይ ብቻ ችፌ አለበት እንበል። እግሮቹ ላይ መቅላት 2፣ ማበጥ 1፣ ጭረት 3፣ መወፈር 2፤ ድምሩ 8። በሽታው ከእግሮቹ ቆዳ 20 በመቶውን ያህል ስለያዘ የስፋት ነጥቡ 2 ነው። 8 ሲባዛ በ2 ሲባዛ በ0.4፣ 6.4 ይሆናል። ክንዶቹ ላይ መቅላት 1፣ ማበጥ 1፣ ጭረት 2፣ መወፈር 2፣ ስፋቱ እንደገና 2፤ ውጤቱ 2.4። በጠቅላላው 8.8። በመለኪያው አከፋፈል ከ7.1 እስከ 21 ያለው መካከለኛ ነው።

አሁን ያው ሕመምተኛ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ያለው ነው፣ የሚመረምረው ባለሙያ ደግሞ መቅላትን የተማረው ከነጭ ቆዳ ሥዕሎች ነው እንበል። በጥቁር ቆዳ ላይ «መቅላት» ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ ግራጫ ወይም ይበልጥ ወደ ጥቁር ያደላል። ባለሙያው መቅላቱን በሁለቱም ቦታ 0 ቢሰጠው ስሌቱ 4.8 ሲደመር 2.0፣ ማለትም 6.8 ይሆናል። ሕመምተኛው አንድ ቅንጣት ሳይሻለው ከመካከለኛ ወደ ቀላል ወረደ። መካከለኛና ከባድ ችፌ ብቻ የሚቀበል ጥናት ከሆነ በሩ ላይ ይመለሳል። ይህ በሐሳብ የቀረ ስጋት አይደለም። እንግሊዝ አገር በልጆች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ የመቅላት ነጥብ የሚያመጣው ስሕተት በስሌት ሲስተካከል ጥቁር ልጆች ከባድ ችፌ የመያዝ ዕድላቸው ከነጮቹ ስድስት እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። አሜሪካም ሆነ አውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ ሐኪም ፊት ሲቀርብ «አይቀላም፣ ግን ይጠቁራል፣ ይሞቃልም» ብሎ መናገሩ ይጠቅመዋል። ጥሩ ባለሙያ ቦታውን በእጁ ይዳስሳል፤ ሙቀቱንና እብጠቱን ከጎኑ ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ያነጻጽራል።

በተቃራኒው የሚያሳስት ነገርም አለ። በእኛ ቆዳ ላይ ችፌ ወይም ቡጉር ሲድን ጥቁር ምልክት ትቶ ለወራት ይቆያል። በሽታው ሞቷል፤ ቀለሙ ነው የቀረው። ሕመምተኛው «አልዳንኩም» ይላል፣ ያልሠለጠነ ለኪም ነጥብ ይጨምርበታል። በፎቶ የሚለኩ ጥናቶች ለዚህ ነው ተመሳሳይ ብርሃን፣ ተመሳሳይ ርቀትና ተመሳሳይ የሰውነት አቀማመጥ የሚጠይቁት። «በፊት» በጨለማ ክፍል፣ «በኋላ» በመስኮት አጠገብ የተነሳ ፎቶ ያለ ምንም መድኃኒት ተአምር ይሠራል።

የሐኪሙ ዓይን ብቻውን ስለማይበቃ ሕመምተኛውም ይጠየቃል። በሰፊው የሚሠራበት የቆዳ በሽታ የኑሮ ጥራት መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 30 ነው፤ ከፍ ሲል ኑሮው ይበልጥ ታውኳል ማለት ነው። ቢያንስ 4 ነጥብ ካልቀነሰ ሰውየው ራሱ ለውጡን አያስተውለውም ተብሎ ይወሰዳል። መጠይቁ ወደ አማርኛ ተመልሶ በደቡብ ኢትዮጵያ የእግር ዝሆኔ ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሯል፤ ያም እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ሙከራው አስፈላጊ የሚሆነው ከአንዳንዶቹ ጥያቄዎች የተነሳ ነው። በሽታው ስፖርት ከመሥራት አግዶህ ያውቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ማሳ ላይ ለሚውል ገበሬ ምን ይለዋል? «አይመለከተኝም» ካለ የሚመዘገብለት 0 ነው፤ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ቀላል መስሎ ይወጣል።

ከአነደድ ወረዳ የመጣው ቁጥር

በኢትዮጵያ ከተደረጉ የቆዳና የእግር ሕክምና ሙከራዎች ውስጥ በደንብ ሊታይ የሚገባው በምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ የተካሄደው ነው። በሽታው ከላይ የተነሳው የእግር ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ነው፤ በባዶ እግር ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በመሄድ፣ የዘር ተጋላጭነት ባላቸው ሰዎች ላይ የሚመጣ የእግር እብጠት። ትንኝ አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ያበጠው ቆዳ ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ባክቴሪያ ይገባል፤ ሰውየውን ድንገት ትኩሳት ይይዘዋል፣ ብሽሽቱ ያብጣል፣ እግሩ ይግላል፣ ለቀናት ከአልጋ አይነሳም። ሥራና ገቢ የሚነጥቀው እብጠቱ ብቻ ሳይሆን ይህ ተደጋጋሚ ግርሻ ነው። እያንዳንዱ ግርሻም እብጠቱን ያብሰዋል።

ጥናቱ 696 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን እንክብካቤውን ወዲያው ጀመረ፦ እግርን ማጠብ፣ ቆዳን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ። ሁለተኛው ወገን ያንኑ እንክብካቤ ከ12 ወር በኋላ አገኘ። ማስጠበቁ ተገቢ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልሱ አገልግሎቱ በአካባቢው ቀድሞም አለመኖሩ ነው። ነባር ሕክምናን ማንም አልተከለከለም፤ በመጨረሻም ሁሉም አገኙት። አገልግሎቱ ባለበት ከተማ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ አሠራር አይፈቀድም ነበር።

ዋናው መለኪያ የግርሻ ብዛት ነበር፤ ተሳታፊዎቹ በየጊዜው በደብተር እየመዘገቡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፦ ወዲያው የጀመሩት በአንድ ሰው በዓመት 19.4 ግርሻ፣ የጠበቁት 23.9። ሌሎች ልዩነቶች በስሌት ሲስተካከሉ ጥምርታው 0.81 ሆነ፤ ግርሻው በ19 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ከእንክብካቤው ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት አልታየም።

ከ0.81 ጎን «ከ0.74 እስከ 0.89» የሚል ቁጥር ይገኛል። ይህ ከእነዚህ መረጃዎች ጋር የሚስማማው የእውነተኛው ውጤት ክልል ነው፦ እንክብካቤው ግርሻን በ26 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይችላል፣ በ11 በመቶም ሊሆን ይችላል። 1 ማለት ምንም ልዩነት የለም ነው። ክልሉ 1ን ስላልነካ ልዩነቱ የአጋጣሚ ነው ለማለት ያስቸግራል። ጋዜጣ ላይ መሃለኛው ቁጥር ብቻ ይወጣል፤ እንዲህ ያለውን ዜና ስታነብ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ፈልግ።

ይህ ውጤት የሚከበረው ትሑት ስለሆነ ነው። በዓመት ከአራት እስከ አምስት ግርሻ መቀነስ፣ በእያንዳንዱ ግርሻ ለቀናት ለሚተኛ ገበሬ፣ በክረምት የእርሻ ወቅት ላይ ቢውል ትልቅ ነገር ነው። ያም ሆኖ የታከመው ሰው አሁንም በዓመት 19 ጊዜ ይታመማል። ሳሙና፣ ፋሻና ጫማ ብቻውን አይበቃም። ድክመቱም ግልጽ ነው፦ ማን ምን እንደደረሰው ሁሉም ያውቃል፤ ግርሻውን የሚቆጥረውም ሕመምተኛው ራሱ ነው። እግሩ ተጠቅልሎለት ተስፋ ያደረገ ሰው ቀላሏን ግርሻ ላይጽፋት ይችላል፤ ተራውን የሚጠብቅ ደግሞ እያንዳንዷን ይጽፋል። ይህ ልዩነቱን በጥቂቱ ያጋንናል።

በዚሁ በሽታ ላይ በኢትዮጵያ በ193 ሰዎች የተደረገ ሌላ ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ችግሩን በሌላ ጎን ያዘው። እግር መዘፍዘፊያው ውኃ ብዙ ነው፤ ውኃው ከሩቅ በጀርባ ይመጣል፤ ስለዚህ ሰው ሕክምናውን ይተወዋል። ተመራማሪዎቹ ውኃውን በጣም ቀነሱና 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨመሩበት፤ በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። እዚህ የተለካው የሰው አስተያየት አይደለም። በቆዳው ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ በአንድ ሰዓት ከአንድ ካሬ ሜትር ቆዳ ስንት ግራም ውኃ እንደሚተን ይቆጥራል። ጤነኛ ቆዳ ውኃውን ይይዛል፤ የተጎዳ ያፈስሳል። በሦስት ወር ውስጥ በሁለቱም ቡድን መተነኑ ቀነሰ፤ በግሊሰሪኑ ቡድን ይበልጥ። መሣሪያው አያዳላም፤ ነገር ግን ላብ፣ ሙቀትና ነፋስ ያስቱታል። ሰውየው ከፀሐይ እንደመጣ ከለኩት ቁጥሩ ውሸት ነው፤ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ እስኪረጋጋ መጠበቅ ግድ ነው።

ቱቦው ይመዘናል

ብዙ የቅባት ጥናት የሚከሽፈው ቅባቱ ስላልተቀባ ነው። የአዋቂ የጣት ጫፍ ላይ ከመጨረሻው መገጣጠሚያ እስከ ጫፍ በአንድ መስመር የሚወጣው ቅባት 0.5 ግራም ያህል ነው፤ ሁለት የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ይበቃዋል። በሽታው ያን ያህል ስፋት ያለውና በቀን ሁለቴ ለ28 ቀናት የሚቀባ ሰው 28 ግራም መጨረስ አለበት። ለዚህ ነው ቱቦው ሲሰጥም ሲመለስም በሚዛን የሚቀመጠው። 30 ግራም ተሰጥቶት 22 ግራም ይዞ የተመለሰ ሰው «በየቀኑ ተቀብቻለሁ» ቢልም የተቀባው ከሩብ ትንሽ ያለፈ ነው። ቱቦው ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ቤት ውስጥ ማን ተካፈለ?

ሌላው በካይ ቀድሞ የተቀባው ነገር ነው። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የተባሉት ስቴሮይዶች ያለ ማዘዣ በየመድኃኒት ቤቱ ይገኛሉ፤ ፊት ያቀላሉ ተብለው የሚሸጡ ክሬሞች ውስጥም ተደባልቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ጥናቶች የመታቀቢያ ጊዜ፣ ማለትም የቀድሞውን መድኃኒት አቁሞ መቆያ፣ ይጠይቃሉ፤ ለሚቀባ ስቴሮይድ በተለምዶ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ለሚዋጥ ደግሞ አራት ሳምንት ገደማ። በነዚያ ሳምንታት ቆዳው መልሶ ይነሳል፤ ያን ጊዜ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሲሻለው አሁንም ከጊዜው ነው ወይስ ከመድኃኒቱ የሚለው ይመጣል፤ ዕጣው ከዚህም ያድናል። ጭርት ላይ ስቴሮይድ የተቀባ ሰው ደግሞ ማሳከኩ ይበርድለታል፣ ፈንገሱ ግን ይሰፋል፣ መልኩም ይለወጣል፤ ችፌ ተብሎ ጥናት ውስጥ ሊገባ ይችላል። በቢላ ጠርዝ ቆዳውን ፋቅ አድርጎ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ኬሚካል ጨምሮ በማይክሮስኮፕ ስር ፈንገስ መኖሩን ማየት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ምርመራ ነው፤ እሱን የዘለለ የችፌ ጥናት ሲያጋጥም መጠርጠር ይሻላል።

ፈቃድ ሲጠየቁ

እንዲህ ያለ ሙከራ ላይ ግቡ ቢባሉ የፈቃድ ቅጹን ቤት ወስዶ ማንበብ፣ ካልተነበበም ለሚያምኑት ሰው ማስነበብ መብት ነው። የሚጠየቁት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ማስመሰያ የሚደርሰው አለ ወይ? ካለ እኔ ቢደርሰኝ ሲብስብኝ የሚሰጠኝ «ማዳኛ» ቅባት ምንድን ነው? ናሙና ለመውሰድ ከቆዳዬ ይቆረጣል ወይ? ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳጅ ትንሽ ጠባሳ ይተዋል፤ የእኛ ቆዳ ደግሞ ለሚያብጥ ጠባሳ የተጋለጠ ስለሆነ ደረትና ትከሻ ላይ እንዳይሆን መጠየቅ ተገቢ ነው። ብጎዳ ማን ያክመኛል፣ በማን ወጪ? መድኃኒቱ ቢሠራ ጥናቱ ሲያልቅ ይቀጥልልኛል? ፎቶዬ ላይ ፊቴ ይታያል? በማንኛውም ቀን ምክንያት ሳይሰጡ መውጣት ይቻላል፤ በመውጣታቸው የተለመደው ሕክምና ሊከለከሉ አይገባም።

ወረቀቱ ላይ ያለውና ሰው የሚሰማው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በፖዶኮኒዮሲስ የዘር ተጋላጭነት ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ከመታተሙ በፊት፣ ፈቃድ እንዴት ይጠየቅ የሚለው ራሱ ወላይታ ውስጥ ለብቻው ተጠንቶ ነበር። በዘር ላይ ያተኮረ ምርምር መገለልን ያባብሳል የሚል ስጋት ነበር፤ «ከዘር ነው» የተባለ ቤት ልጅ የሚድርለት ያጣል። ስለዚህ ለማኅበረሰቡ አስቀድሞ ማስረዳት፣ ከዚያም ግለሰቡን ለብቻው ማነጋገር አስፈለገ። ፊርማ የመጨረሻው ደረጃ ሆነ።

የጥናት ውጤት አንብቦ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው የሙከራውን የምዝገባ ቁጥር ይፈልግ፤ ጽሑፉ መግቢያ ላይ ይገኛል። በፓን አፍሪካ የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ ወይም በአሜሪካው ክሊኒካል ትራያልስ ድረ ገጽ ሲገባበት፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት ዋናው መለኪያ ምን ይሆናል ተብሎ እንደነበር፣ ስንት ሰው እንደታቀደና የተመዘገበበት ቀን ይታያል። መዝገቡ ላይ «በ12ኛው ሳምንት የቆዳ መጥራት» ተብሎ ሳለ፣ ታትሞ የወጣው ጽሑፍ ስለ «በ4ኛው ሳምንት የማሳከክ መቀነስ» የሚያወራ ከሆነ፣ በ12ኛው ሳምንት የሆነውን ሠንጠረዡ ውስጥ ፈልጉት።